ሰው ያልገደለች ሽጉጥ

በመተማ ቆላ «ለምን መሣሪያ ያዝህ?» ተብሎ የሚጠየቅ የለም፤ የሚጠየቀው ያልያዘው ነው። አንዱ ለከብቱ ይይዛል፣ አንዱ ለደመኛው፣ አንዱ ለሰርግ ተኩስ። ወገቡ ባዶ ሲሆን ብርድ ብርድ የሚለውም አለ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት። እኔ ግን ሽጉጥ የያዝሁት ስለምወድ ብቻ ነበር። ሌላው ክራር እንደሚወደው፣ ገበጣ እንደሚወደው ማለት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። የማወጋችሁ ነገር እስኪደርስብኝ ድረስ ከሥራ በኋላ ደስታዬ እሷ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ያሉት ዓመታት። ከኮኪት ወጣ ብሎ በነበረ የእርሻ ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበርሁ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ነው፤ የትራክተር ዘንግ ሲሰበር ወደ እኔ ይመጣል። ስሜ መኮንን ነው፤ ነገር ግን አገሩ ሁሉ «ቶርኖ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ትውልዴ ሳንጃ ስለሆነ በኮኪት ዘመድም ደመኛም አልነበረኝም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ዕድል እቆጥረው ነበር።

ሽጉጧ የአባቴ ነበረች፤ ጣሊያን ሠራሽ፣ አጭር፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ። አባቴ ገዝቶ ከልብስ ሣጥን ግርጌ አኖራት እንጂ የተኮሰባት አይመስለኝም። እሱ ሲሞት ለኔ ደረሰች፤ የጋራዡን ዕቃ ቤት በተራ እጠብቅ ስለነበር ፈቃድ አወጣሁላት። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ እፈታታታለሁ፣ በላምባ አጥባታለሁ፣ ቀጭን የሞተር ዘይት ቀብቼ እገጥማታለሁ። ስይዛት ሸሚዜን አወጣባታለሁ፤ እንዲታይብኝ አልፈልግም፣ እንዲታወቅልኝ ግን እፈልጋለሁ። ወጣትነት እንዲህ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጓደኛዬ ከጥጋቡ ጋር ወደ ደረቀው ወንዝ እንወርዳለን። ጥጋቡ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ረዥም፣ ጥርሱ የማይከደን ቀልደኛ። ዒላማችን የዲማ ፍሬ ነበር። ዲማ ግንዱ ጎጆ የሚያህል የቆላ ዛፍ ነው፤ ፍሬው በክር እንዳንጠለጠሉት ቅል ሆኖ ይወርዳል። አንዷን ፍሬ ከቅርንጫፍ አስረን፣ ራቅ ብለን ቆመን፣ በየተራ እንተኩሳለን። ጥይት እንደልብ አይገኝምና ለእያንዳንዷ ጥይት ትንፋሻችንን ሰብስበን ነው። እሱ ከኔ ይበልጥ ነበር። ዲማዋ ፍርክስ ስትል አንዳንዴ ቀስ ብሎ «አዛናው» ይላል። እኔም እስቃለሁ።

የማሽን ሠራተኛ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ጥይቷ ወዲያና ወዲህ የምትለው ቃታዋ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ ውስጧ ያለችውን ትንሽ ጥርስ በጥሩ ሞረድ እየነካሁ ቃታዋን አቀለልኋት። በጣም አቀለልኋት። የመጠበቂያ ቁልፏማ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የላላ ነው፤ አለ ለማለት ያህል ነበር። ጥጋቡ መጀመሪያ ቀን ሲተኩስባት ሳያስበው ባረቀችበት። «ቶርኖ፣ ይችስ ስታስነጥስም ትተኩሳለች» አለኝ። ይህን ጠባይዋን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን አዛናው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የጥጋቡ ታላቅ ወንድም ሲሳይ የተገደለው እኔ ወደ ኮኪት ከመምጣቴ በፊት ነው። የገደለው አዛናው የሚባል የማሳ ጎረቤቱ ነበር። በሬ ድንበር አለፈ፣ አላለፈ ተባብለው ተጣሉ፤ አዛናው ተኮሰ፤ ሲሳይ ወደቀ። አዛናውም ሚስቱንና ማሳውን ጥሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በዚያ አገር ወንድሙ ሞቶበት ደሙን ያልመለሰ ሰው በሰው መሃል ቀና ብሎ አይሄድም። ማንም ፊት ለፊት ምንም አይለውም፤ ግን ሰርግ ላይ ዘፈን ሲሞቅ አንዷ ግጥም ትጥልበታለች። ጥጋቡ ያ ሁሉ ቀልድ እያለው ሰርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ወጥቶ ደጅ የሚቆመው ለዚህ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰሊጥ ታጭዶ ሂላው እንደቆመ፣ አዛናው ተመለሰ። ሂላ የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ ታስሮ የሚቆምበት ክምር ነው። ሰውዬው በቀጥታ ወደ ቤቱ አልገባም፤ የአገር ሽማግሌ በሆኑት በአባ ጓንጉል ቤት ወድቆ «አስታርቁኝ፣ ካልሆነም እዚሁ ግደሉኝ፤ በሰው አገር መሞት ሰለቸኝ» አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የሟች እናት እማማ አትጠገብ «አንድ ልጅ ቀርቶኛል፣ እሱንም ለደም አልሰጥም» ብለው ለዕርቅ ተስማሙ። ጥጋቡም እሺ አለ። አገሩ እፎይ አለ፤ እኔም አልሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ጓንጉል በበቅሎ ጋራዡ በር ድረስ መጡ። ተነሥቼ እጅ ነሳሁ።

«አንተ የሳንጃው ልጅ፣ ሽጉጥ አለህ አሉኝ።»

«አለችኝ፣ አባ። ፈቃድም አላት።»

«ፈቃዷን ማን ጠየቀህ። ደም ቀምሳለች ወይ?»

አልገባኝም። «ሰው ገድላለች ወይ ነው የምልህ» አሉ።

«ኧረ የለም። ከዲማ በቀር የገደለችው የለም።»

ሳቁ። ጥርስ አልነበራቸውም። «እንዲያ ከሆነ በዚህ አገር የቀረች ንጽሕት እሷ ናት» አሉና ከበቅሏቸው ወርደው ነገሩን አስረዱኝ። በዚያ አካባቢ ደም ሲደርቅ፣ ማለት ደመኞች ሲታረቁ፣ ሁለቱ ወገኖች መሣሪያ ተሻግረው ይምላሉ። መሣሪያው መሬት ላይ ይጋደማል፤ ገዳይም የሟች ወንድምም በየተራ «ቃሌን ብበላ ይችው ትብላኝ» እያሉ በላዩ ይራመዳሉ። መሣሪያው የሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ሰው ያልገደለ መሆን አለበት። ሌላ ጊዜ ጠመንጃ ይፈለግ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የገበሬው ጠመንጃ ሁሉ ለምዝገባ ተብሎ ወረዳ ተከማችቷል።

«የሚሊሻዎቹስ አይሆንም?» አልኋቸው።

«የመንግሥት ነዋ። ባለቤት በሌለው ነገር ማን ይማላል? ደግሞ የነሱ ስንት እንደበላ ማን ያውቃል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሁድ ይዘሃት ና። የጎረሰች ትሁን፤ ጥይቷ በአፏ ገብታ፣ ቃታ መሳብ ብቻ የቀራት። ባዶ መሣሪያ ብረት ነው። ብረትማ ማረሻም ብረት ነው።»

ኮራሁ። አልዋሻችሁም፣ ያን ቀን ከመሬት ከፍ ብዬ ነበር የምሄደው። ሰዎች የሚስቁባት መጫወቻዬ አገር ልታስታርቅ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጥጋቡ ቶርኖው አጠገብ መጥቶ ቆመ። ማሽኑ እየጮኸ ነበር።

«ያችን ቃታ ታውቃታለህ አይደል?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«አውቃታለሁ።»

«ሰው በላይዋ ሲራመድ ብትባርቅስ? ካዝናዋን ባዶ አድርገህ ዝም ብለህ አቀባብላት። ሽማግሌ ድምፁን ከሰማ ይበቃዋል።»

እኔም ይኸው ነገር ሲከነክነኝ ስላደረ ደስ አለኝ። «እውነትህን ነው። ለአባ ጓንጉል እነግራቸውና ባዶዋን አጋድማታለሁ» አልሁት።

«አትንገር።»

«ለምን?»

«አትንገር አልሁህ።»

እጄን ሰድጄ ማሽኑን አጠፋሁት። ጋራዡ ጸጥ አለ።

«አብራው» አለኝ። አበራሁት።

«ጥጋቡ፣ ልትገድለው ነው?»

ከቶርኖው ሥር የወደቀውን የብረት ፍቅፋቂ አንሥቶ በጣቱ መጠምዘዝ ጀመረ። «እናቴ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ፤ እሺ አልኋት። እሺ ማለትና መተው አንድ አይዶለም። ጠመንጃዬ ከወረዳ ሲመለስልኝ የኔ ጉዳይ ነው። ባዶ መሣሪያ የተሻገረ ሰው የሚይዘው ነገር የለም፤ በጎረሰች ላይ ግን ምዬ ልዋሽ አልችልም። ፈሪ አይዶለሁም፣ ግን ያን መሐላ እፈራለሁ።»

«እኔስ? የማስዋሸው እኔ ልሁን?»

«አንተ ጓደኛዬ ነህ» አለኝ። ቀጥሎም እስከ ዛሬ የማልረሳውን አለ፦ «ያን ሁሉ እሁድ ዲማ ስመታ ማንን የምመታ መስሎህ ነበር?»

ሄደ። ቶርኖው ላይ የነበረውን ሥራ አበላሸሁት። አብረን አንድ ጨዋታ የምንጫወት መስሎኝ ሳለ እኔ እጫወት ነበር፣ እሱ ይለማመድ ነበር። በኔ ሽጉጥ፣ እኔ ባቀለልኋት ቃታ። አፈርሁ፣ ተናደድሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፈራሁ።

ነገሩን እዩልኝ። ሽጉጧን ባዶ ካደረግኋት ማንም አይቆስልም፣ መሐላውም ውሸት ይሆናል፣ አዛናው በዕርቅ ተማምኖ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይገደላል። ካጎረስኋት መሐላው እውነት ነው፤ እሷ ግን አንዲት ጠጠር ብትነካት የምትባርቅ ናት። ለሽማግሌዎች የጥጋቡን ሐሳብ ልናገር ብል ወሬው በሰዓታት ውስጥ ለአዛናው ዘመዶች ይደርሳል፤ እነሱ ደግሞ ቀድመው ጥጋቡን ይገድሉታል። አልሄድም ብዬ ብቀርስ? አዛናው እስከ መሐላው ቀን ብቻ ነው በአባ ጓንጉል ቤት የተጠለለው። ከዚያ በኋላ የማንም እንግዳ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አባ ጓንጉል ቤት ሄድሁ፤ ቢያንስ የቃታዋን ነገር ብነግራቸው ሌላ መላ ይፈልጋሉ ብዬ። ግቢ ውስጥ አንድ የከሳ ሰው ከእሾህ አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ጀለቢያ ለብሷል፤ ጺሙ ሸብቷል። አዛናው እሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ዲማዋን ስናፈርሳት በሐሳቤ የነበረው ሰው ግዙፍ ነበር።

«ባለ ሽጉጡ አንተ ነህ?» አለኝ ሳይነሣ።

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ።» ገመዱን በእግሩ ጣት ይዞ ወጠረው። «ደህና አድርገህ አጉርሳት እሺ። ሰው እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ። ባዶ ነበረች ተብሎ ኋላ እንዳይወራ። ሚስቴ በኔ ምክንያት ስንት ዘመን ብቻዋን አረጀች፤ ከእንግዲህ በሬ ጠምጄ ቀና ብዬ ባርስ ሌላ አልፈልግም።»

አንገቴን ነቅንቄ አለፍሁ። ሰው የገደለ ሰው ነው፣ አውቃለሁ፤ የጓደኛዬን ወንድም ነው የገደለው። ግን ልቤ እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም።

አባ ጓንጉል ከመደባቸው ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። «አባ፣ የሽጉጧ ቃታ በጣም ቀላል ነው። እኔው ነኝ ያቀለልኋት። ሰው ሲራመድባት ልትባርቅ ትችላለች» አልኋቸው።

ቀና አሉና አዩኝ። «አፈሙዟ ወደ ሰው አይዞርም፤ ወደ ባዶ ሜዳ ነው የሚሆን። ቀላል ከሆነችማ ይሻላል። የሚዋሽ ሰው እግሩ ይንቀጥቀጥ።»

«አባ...»

«ምን ሆነሃል አንተ? ሌላ የምትለኝ አለህ?»

«የለም» አልሁ።

እሁድ ጠዋት ሰው ከማሳ ዳር ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የአዛናው ወገን በአንድ በኩል፣ የጥጋቡ ወገን በሌላ በኩል፤ ሴቶች ራቅ ብለው ቆመዋል። ለሥራ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎችም ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከሩቅ ያያሉ። ቄሱ ጸለዩ። አባ ጓንጉል መሃል ላይ አቡጀዲ ጨርቅ አነጠፉና ጠሩኝ።

ሽጉጧን ከወገቤ አወጣኋት። ጥጋቡ ከፊት ለፊቴ ነበር፤ ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። ካዝናዋ ባዶ ነው፤ ጥይቷ በኪሴ ናት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጠዋት ስነሣ ባዶዋን ልወስዳት ቆርጬ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቤን ለወጥሁ፤ ዛፉ ሥር ስደርስ ደግሞ መልሼ ለወጥሁ። ከዚያ አዛናው ጀለቢያውን ወደ ላይ ሰብስቦ እግሩን እስከ ጉልበቱ ገልጦ ሲቆም አየሁት፤ ልብሱ እንዳይነካት ብሎ ነው። የተማመነው በኔ ነው።

ጥይቷን ከኪሴ አውጥቼ በሁለት ጣቴ ከፍ አድርጌ ያዝኋት። «አባቶች፣ ይኸው» አልሁ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ሁሉ እያያት ካዝናዋ ውስጥ አስገባኋት፣ ገጠምሁ፣ አቀባበልሁ። ጥጋቡ ፊቱ አልተለወጠም። የላይኛው ከንፈሩ ብቻ ላብ አወጣ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ አፈሙዟን ሰው ወደሌለበት ወደ ሂላው አዙሬ፣ እንደ እንቁላል አስቀመጥኋት።

አዛናው ቀደመ። «ቃሌን ብበላ ይችው ትብላኝ» ብሎ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረ። ከወዲያ ማዶ ሲደርስ ተንፍሶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የጥጋቡ ተራ ሆነ። ጨርቁ ጫፍ ድረስ መጣ። ቆመ። እግሩን አነሣ፤ መልሶ አሳረፈው።

«ተሻገር እንጂ ልጄ» አሉት አባ ጓንጉል።

«አልሻገርም።»

«ምን አልህ?»

«አልሻገርም አልሁ። ውሸት ልምል ነበር። አልቻልሁም።» ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው።

በሁለቱም ወገን ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ የአዛናው አጎት ዱላውን ጨበጠ። ጠመንጃ አለመኖሩ በጀን እንጂ ያን ቀን ስንት ሬሳ እንደምናነሣ አላውቅም። በዚያ መሃል ከሴቶቹ በኩል እማማ አትጠገብ መጡ። ከልቅሶው ቀን ጀምሮ ጥቁር ለብሰው ነበር፤ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል።

«ወግዱ» አሉ። «ሲሳይን ያማጥሁት እኔ ነኝ። ደሙ የኔ ነው። እኔ እሻገራለሁ።»

«ሴት አትሻገርም፣ አትጠገብ» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ሴት ታልቅስ ብቻ ነው ሕጋችሁ?» አሉት። አባ ጓንጉል እጃቸውን አንሥተው ሰውዬውን ዝም አስባሉትና «እሷ ከተሻገረች ቃሉ በሷ ላይ ነው። እሷ በሕይወት እስካለች ልጇ ቢገድል እናቱን ነው የሚገድል። ሁላችሁም ስሙ» አሉ።

እማማ አትጠገብ ልጃቸውን አላዩትም። «ቃሌን ብበላ ይችው ትብላኝ» ብለው እግራቸውን ሰነዘሩ። ቀሚሳቸውን አልሰበሰቡትም። ያ ጥቁር ዘርፍ ጨርቁን አልፎ ሽጉጧን ሲነካት አየሁ፤ ያዛት፣ ጎተታት፣ ቀስ ብሎ አዞራት። ሴትዮዋ ከተሻገሩ በኋላ አፈሙዟ በተጨማደደው ጨርቅ ላይ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ጥጋቡ ሆድ ዞሮ ቀረ። የቀሚሱ ክር ደግሞ ቃታዋ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ቢጨምሩ አለቀ።

«እማማ፣ አይንቀሳቀሱ» አልሁ። ቆሙ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚሆነውን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ጥጋቡ አንድ ጊዜ ዘወር ቢል ይድናል። አልተንቀሳቀሰም። ዝቅ ብሎ አፈሙዟን አያት፤ ከዚያ የእናቱን ጀርባ አየ። እኔ በደረቴ ተስቤ ትንሿን ጣቴን ከቃታዋ ኋላ አስገባሁ፤ ወደ ኋላ እንዳትሄድ አጥንቴ ያዛት። ክሩን በጥርሴ በጠስሁት። ሽጉጧን ወደ ሂላው አዙሬ ጥይቷን አስተፋኋት። ጥይቷ አቧራው ላይ ወደቀች፤ ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ አነሣት፣ በመዳፉ መዘን አደረጋትና መልሶ ጣላት። ከዚያ ወደ እናቱ ሄዶ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት ወሰዳቸው። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ሰው በሬ አርዶ በላ። እኔ አልበላሁም። ዛፉ ሥር ተቀምጬ ጣቴ እስኪደነዝዝ ሽጉጧን ይዤ ነበር፤ አልቅሼም ነበር፤ ላብ መስሏቸው ማንም አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ የቃታዋን ሞላ በጠንካራ ቀየርሁ። አንድ እሁድ ብቻዬን ወደ ወንዙ ወርጄ ዲማ አሰርሁ። አነጣጠርሁ፤ ፍሬዋ ሆድ መሰለችኝ። ሳልተኩስ ተመለስሁ፤ ከዚያ ወዲህም ለጨዋታ ተኩሼ አላውቅም። ሽጉጥ ክፉ ነው ልላችሁ አይደለም። መያዝ የሚወድ ይያዝ፤ ማጽዳትና መግጠም ደስታ እንዳለው እኔ እመሰክራለሁ። እናንተ የምትወዱት ሁሉ ለናንተ መጫወቻ ሲሆን ከጎናችሁ ላለው ሰው ምን እንደሆነ ግን ጠይቁት። እኔ ያን ሁሉ እሁድ ከጥጋቡ ጎን ቆሜ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ከጥጋቡ ጋር በአንድ ጋራዥ እየሠራን ሰላምታ ነፈገኝ። የተሰበረ ዕቃ ሲኖረው በሌላ ሰው ይልክልኛል። ጠመንጃዎቹ ከወረዳ ተመለሱ፤ እሱ ግን አዛናውን አልነካውም። ጥጋቡ የወንድሙን ማሳ ይዞ ስለነበር ሁለቱ በአንድ ድንበር ያርሱ ነበር፣ ሳይነጋገሩ። ሰው «ዕርቁ ሠራ» ይላል። እኔ የማውቀው አሮጊቷ ሳል ሲይዛቸው አገሩ ሁሉ እንቅልፍ እንደሚያጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እማማ አትጠገብ አረፉ። ወሩ ሰሊጥ ቢጫ የሚሆንበት፣ በጊዜው ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት የሚረግፍበት ነበር። እሳቸው በተቀበሩ ዕለት አዛናው ማሳውን እንዳለ ጥሎ ድንበሩን ተሻገረ። ማንም አልተገረመም። ሚስቱ ብቻዋን ከማሳው ዳር ተቀምጣ ሰሊጡን ታያለች፤ ሠራተኛውም ደም ያለበት ማሳ አልገባም አለ።

በማግስቱ ወሬ ሰማሁ፤ ጥጋቡ አዛናው ማሳ ገብቷል አሉ። ሮጥሁ። ሰውዬው ከሄደ ሚስቲቱን ሊያባርር፣ ወይም እሳት ሊለቅበት ይሆናል ብዬ ነበር። ስደርስ ወገቡን አጉብጦ ያጭዳል። ብቻውን ነው። ከኋላው አንድ ሂላ ቆሟል፤ ሁለተኛውን እያሰረ ነበር። ጥቁር ልብሱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። የአዛናው ሚስት ራቅ ብላ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ማሳው ዳር ቆምሁ። እሱ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገና ብዙ አየኝ።

«ቶርኖ» አለኝ። «ማጭድ አለህ?»

«የለኝም።»

በእጁ የያዘውን ሰጠኝና ሌላ ሊያመጣ ሄደ።